600 ሰው ጠይቆ ቦንዱ ያልፋል ወይስ ይወድቃል ማለት ይቻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ የሕንፃዎች ኮሚቴ ውስጥ በፈቃደኝነት እሠራለሁ። ሕንፃዎቹ የ1960ዎቹ ናቸው። ጣራው ያፈሳል፣ የሳይንስ ላቦራቶሪው አርጅቷል። ኮሌጁ ለኖቬምበር ምርጫ ቦንድ (ለሕንፃ ተበድሮ ከንብረት ግብር የሚመለስ ዕዳ) ለማቅረብ እያሰበ ነው። ድረ ገጹ ላይ መጠይቅ አውጥተን አብዛኛው ሰው ደግፎናል፤ ስብሰባ ላይም የተቃወመ የለም። አሁን አንድ አማካሪ ድርጅት 600 መራጮችን በስልክና በቴክስት ልጠይቅ ብሎ ክፍያ ይፈልጋል። ሕዝቡ ከደገፈን ለምን እንከፍላለን? ደግሞስ 600 ሰው የመቶ ሺዎችን ሐሳብ እንዴት ይናገራል? የእኛ የሐበሻው ድምፅስ የት ይገባል?»

ሰላም ወንድሜ። እንጀራዬ ይኸው ሥራ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ።

መልሴን ከፊት ልንገርህ፤ ክፈሉ። ግን ጥናቱ «አሁን አይሆንም» ቢላችሁ ለመስማት ከተዘጋጃችሁ ብቻ ነው። ቦርዱ አስቀድሞ ወስኖ፣ ጥናቱን ለውሳኔው ማጀቢያ ብቻ የሚፈልገው ከሆነ ግን ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይዋል።

እስቲ ድረ ገጹ ላይ ያወጣችሁትን መጠይቅ እንየው። ማን ሞላው? ኮሌጁን የሚያውቅ ሰው ነው። ተማሪ ነው፣ መምህር ነው፣ ድሮ እዚያ የተማረ ነው፣ ልጁን የላከ ወላጅ ነው። ኮሌጁ ትዝ የማይለው ሰው ገጹንም አይከፍተውም። ስብሰባውም እንደዚያው ነው። በሥራ ቀን ማታ ደክሞት ኮሌጁ አዳራሽ ድረስ የሚመጣ ሰው የአካባቢውን ተራ መራጭ አይወክልም። መጠይቁ ከንቱ ነው እያልኩህ አይደለም። ሰው ምን እንደቸገረው፣ የትኛው ሕንፃ እንዳማረረው በደንብ ይነግራችኋል። ቦንዱ ስንት በመቶ ያገኛል ለሚለው ግን ምንም መልስ የለውም። ሺህ ሰው ቢሞላው፣ አሥር ሺህ ቢሞላውም ያው ነው፤ የሞሉት ቢበዙም ያልሞሉት ምን እንደሚያስቡ አይታወቅም።

ሌላም ነገር አለ። ኮሌጁን አጥብቀው ከሚወዱት ሰዎች ብዙዎቹ ድምፅ አይሰጡም። ግሪን ካርድ ላይ ያለው ተማሪ መምረጥ አይችልም። ዜግነት ያለው ወጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመዘገብም፤ ቢመዘገብም የፕሬዚዳንት ምርጫ ካልሆነ ወረቀቱን አይመልስም። ካሊፎርኒያ የምርጫ ወረቀቱን ለሁሉም መራጭ በፖስታ፣ መኖሪያ ቤቱ ድረስ ትልካለች፣ ግን መላኩ ሌላ፣ ሞልቶ መመለሱ ሌላ ነው። ሁልጊዜ ሞልተው የሚመልሱት በዕድሜ ገፋ ያሉት፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። የቦንዱ ግብር በቀጥታ የሚደርሰውም እነሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ማወቅ ያለባችሁ ሰዉ ኮሌጁን ይወደዋል ወይስ አይወደውም የሚለውን አይደለም። ይወደዋል። እኔ ባየሁት ሁሉ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በሕዝብ ዘንድ ጥሩ ስም አለው። ማወቅ ያለባችሁ በዚያ ምርጫ ወረቀቱን የሚመልሱት ሰዎች፣ ግብሩ በዶላር ተጽፎላቸው እያዩት፣ «አዎ» ይላሉ ወይ የሚለውን ነው። የጥናቱ ሥራ በሙሉ ይህቺው ናት። ኮሌጆች ሲሳሳቱ የማየውም የመጀመሪያውን ጠይቀው የሁለተኛውን መልስ ያገኙ ሲመስላቸው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ስንት በመቶ እንደሚያስፈልግ ሳይታወቅ ጥናቱን ማንበብ አይቻልምና።

በ1978 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 (ፕሮፖዚሽን ማለት በስቴት ደረጃ ለመራጩ ድምፅ የሚቀርብ ሕግ ነው) የንብረት ግብርን ከንብረቱ የተገመተ ዋጋ 1 በመቶ ላይ ገደበው። ከዚያ በ1986 ፕሮፖዚሽን 46 መጣና መራጩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከፈቀደ ለቦንድ ዕዳ መክፈያ ተጨማሪ ግብር ይቻላል አለ። ሁለት ሦስተኛ ከባድ ነው። ከመቶ ሰው ሠላሳ አራቱ እምቢ ካሉ ነገሩ አለቀ። በማርች 2000 ፕሮፖዚሽን 26 ይህን ወደ ተራ አብላጫ ድምፅ ለማውረድ ሞክሮ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፕሮፖዚሽን 39 ለትምህርት ቤትና ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ቦንድ 55 በመቶ ይበቃል ብሎ ቀረበና አለፈ።

ይህ 55 ግን በነፃ አልመጣም። የኮሌጁ ቦርድ ራሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መወሰን አለበት። የሚሠሩት ፕሮጀክቶች ዝርዝር አስቀድሞ ይወጣል። ገንዘቡ ለመምህራንም ሆነ ለአስተዳዳሪዎች ደመወዝ አይውልም። በየዓመቱ ገለልተኛ ኦዲት ይደረጋል። ከሕዝቡ የተውጣጣ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ደግሞ አንዱ ቦንድ የሚያመጣው ግብር ከእያንዳንዱ 100,000 ዶላር የተገመተ የንብረት ዋጋ ላይ በዓመት ከ25 ዶላር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ምርጫውም በመደበኛ ወይም በስቴት ደረጃ በተጠራ የምርጫ ቀን መሆን አለበት እንጂ ኮሌጁ ለብቻው በሚያስጠራው ልዩ ምርጫ አይሆንም።

«የተገመተ ዋጋ» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ድጋፍ የሚፈሰው እዚህ ጋ ነው። ሰው 25 ዶላር በ100,000 ሲባል ወዲያው ቤቱ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ያባዛል። ቤቱ በገበያ 1.4 ሚሊዮን ያወጣል እንበል። 350 ዶላር በዓመት ብሎ ይደነግጣል። ቤቱን የገዛው ከብዙ ዓመት በፊት ከሆነ ግን ግብሩ የሚሰላበት ዋጋ ሌላ ነው፤ ፕሮፖዚሽን 13 በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ስላገደው ዋጋው መዝገብ ላይ ገና 350,000 ሊሆን ይችላል። የዚህ ሰው ትልቁ ክፍያ 87 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። አጠገቡ ያለውን ተመሳሳይ ቤት አምና የገዛው ጎረቤቱ ግን በእርግጥም 350 ይከፍላል። ጥሩ ጥናት ይህን ልዩነት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አንዴ አስገብቶ ድጋፉ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። ብዙ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ኮሌጁ ለሕዝቡ ማስረዳት ያለበት የመጀመሪያው ነገር ያ ነው።

ወደ 600ው ልምጣ። የብዙ ሰው ጥርጣሬ ስለሆነ።

አጥኚው 600 ሰው ከመንገድ አያነሳም። ካውንቲው የመራጮች መዝገብ አለው። መዝገቡ ሰውየው ለማን ድምፅ እንደሰጠ አይናገርም፤ በየትኞቹ ምርጫዎች ድምፅ እንደሰጠ ግን ይናገራል። ከዚያ ተነስቶ በመጪው ኖቬምበር ወረቀቱን ይመልሳሉ ተብለው የሚገመቱት ይለያሉ፤ ከእነሱ ውስጥ በዕጣ ይወጣል። በዕጣ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ሁሉም የመጠየቅ ዕድል ካገኘ፣ የስህተት ህዳጉን የሚወስነው የጠየቃችሁት ሰው ብዛት እንጂ የአካባቢው ሕዝብ ብዛት አይደለም ማለት ይቻላል። ለ400 ሰው ህዳጉ ወደላይም ወደታችም 5 ነጥብ ገደማ ነው፤ ለ600 ሰው 4፣ ለ1,000 ሰው 3 ገደማ። መራጩ 100 ሺህ ሆነ 500 ሺህ፣ ቁጥሮቹ እምብዛም አይለወጡም። ከ600 ወደ 1,000 መውጣት ወጪውን በጣም ያበዛዋል፤ የሚያተርፈው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ 600 ለእናንተ ይበቃል።

ያ 4 ነጥብ ግን ወረቀት ላይ ተጽፎ የሚረሳ ነገር መሆን የለበትም። ጥናቱ 58 በመቶ ካላችሁ እውነተኛው ቁጥር ከ54 እስከ 62 ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። 54 ደግሞ መውደቅ ነው። 58 ሲመጣ ቦርድ ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። 58 የሚጨበጨብለት ቁጥር አይደለም፤ ብዙ ሥራ የሚጠይቅ ቁጥር ነው።

ሌላው፣ ሰው ዛሬ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ድርጅቱ በስልክም፣ በቴክስትም፣ በኢሜይልም መሞከሩ ትክክል ነው። በምን በምን ቋንቋ እንደሚጠይቅ ግን ጠይቁት። አካባቢያችሁ ስፓኒሽ፣ ቬትናምኛ ወይም ቻይንኛ የሚናገር ብዙ መራጭ ካለው፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተሠራ ጥናት አንዱን የሕዝብ ክፍል ከመጀመሪያው ዘሎታል።

አሁን ስለ መጠይቁ ራሱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ መራጩ ወረቀቱ ላይ የሚያየው ጽሑፍ። በካሊፎርኒያ ሕግ ከ75 ቃል አይበልጥም። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ኤቢ 195 የሚባለው ሕግ፣ የግብሩ መጠን፣ በዓመት የሚሰበሰበው ገንዘብና ግብሩ ስንት ዓመት እንደሚቆይ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ እንዲገባ ያስገድዳል። በእኔ እምነት መራጩ የሚከፍለውን ማየቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ውጤቱን አትርሱ። ድሮ 75ቱ ቃል በሙሉ ስለ ጣራ፣ ስለ ነርሲንግ ላቦራቶሪና ስለ ሥራ ሥልጠና ነበር። አሁን ሩቡ ያህል ቁጥር ነው፣ ቁጥርም ድጋፍን ይቀንሳል።

ስለዚህ ጥናቱ የሚጀምረው በዚያ 75 ቃል መሆን አለበት፤ እውነተኛው ቁጥር ገብቶበት፣ ምንም ማባበያ ሳይቀድመው። አንዳንድ አጥኚ መጀመሪያ «ኮሌጁ ለአካባቢያችን ኢኮኖሚ ይጠቅማል ብለው ያምናሉ?» ዓይነት ጥያቄዎችን ደርድሮ፣ ሰዉ ደጋግሞ አዎ ካለ በኋላ ነው ቦንዱን የሚያነሳው። ያን ጊዜ የሚመጣው ቁጥር ያምራል። ግን ምርጫው ቀን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን የዘረጋው ሰው እነዚያን ጥያቄዎች ማንም አይጠይቀውም። ረቂቁ ሲመጣላችሁ በመጀመሪያ የምታዩት ይህን ቅደም ተከተል ይሁን።

ከመጀመሪያው ድምፅ በኋላ መጠኑ ይፈተናል። 25 ዶላር ቢሆንስ? 20 ቢሆንስ? 15ስ? አንዳንዴ ከ25 ወደ 20 መውረድ ምንም አይለውጥም፣ አንዳንዴ ደግሞ ብዙ ይለውጣል። ይህን ገምቶ ማወቅ አይቻልም። የሚቻል ከሆነ ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ አንዱን መጠን፣ ግማሹ ሌላውን ይስማ፤ ያኔ ሰዉ ሲወርድለት አይቶ ዝቅተኛውን የመጠበቅ ነገር አይኖርም። ለሁለት ሲከፈል ግን እያንዳንዱ ግማሽ 300 ሰው ስለሆነ ህዳጉ ወደ 6 ነጥብ ይጠጋል፤ የሁለት የሦስት ነጥብ ልዩነትን እንደ ግኝት አትቁጠሩት።

ቀጥሎ ፕሮጀክቶቹ ይመጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማየውን ልንገርህ። የሚያፈስ ጣራ፣ ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር፣ አዝቤስቶስ ማስወገድ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ ማጠናከር፣ የነርሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማሠልጠኛ፣ ከጦር ሠራዊት ለተመለሱ ተማሪዎች የሚሆን አገልግሎት፤ እነዚህ ከላይ ይወጣሉ። የአስተዳደር ቢሮ፣ የስፖርት ሜዳ፣ መኪና ማቆሚያ ደግሞ ከታች ይቀራሉ። ሰው ያለውን ማዳን ይወዳል፤ አዲስ ሕንፃ ሲባል ግን ዋጋውን ያስባል። የስቴቱ የ10 ቢሊዮን ዶላር የትምህርት ሕንፃዎች ቦንድ፣ ፕሮፖዚሽን 2፣ በኖቬምበር 2024 ስላለፈ ደግሞ ከዚያ ውስጥ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለኮሚኒቲ ኮሌጆች ተመድቧል። እናንተ የራሳችሁን ድርሻ ይዛችሁ ከቀረባችሁ ከስቴቱ ገንዘብ ለመወዳደር ይቀላችኋል። ይህንንም እንደ አንድ ነጥብ አስፈትኑት።

ግን እባክህ አንድ ነገር ቦርዱን አስጠንቅቅልኝ። ጥናቱ ላይ «የነርሲንግ ላቦራቶሪ» ከፍተኛ ነጥብ ስላገኘ ብቻ፣ ኮሌጁ ሊሠራው ያላቀደውን ላቦራቶሪ ዝርዝሩ ላይ እንዳይጨምር። ለዚህ ነገር ቸልተኛ መሆን አልችልም። ቦንዱ ለብዙ ዓመታት የሚከፈል ዕዳ ነው። ደሞዙ የማያወላዳ ሰው፣ ልጁ አንድ ቀን እዚያ ነርስ ትሆናለች ብሎ ፈቅዶ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ያልታቀደ ነገር ነግሮ ድምፁን መውሰድ ነውር ነው። ሕጉም ገንዘቡ ዝርዝሩ ላይ ላለው ብቻ እንዲውል ያዛል።

ተቃውሞውም በደንብ ይፈተን። አማካሪዎች ደንበኛቸውን ላለማስከፋት ደካማ ደካማውን ተቃውሞ ሲያስገቡ ይታያል። እናንተ ጠንካራውን ጠይቁ። «ግብሩ በዝቷል፣ ኑሮ ተወዷል።» «የተማሪው ቁጥር ቀንሶ ሳለ ሕንፃ ለምን?» «ከዚህ በፊት የወሰዱት ቦንድ የት ደረሰ?» የመጨረሻዋ በተለይ ከባድ ናት። ሎስ አንጀለስን ተመልከት። የዚያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ዲስትሪክት መራጮች በ2001፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2016ና በ2022 ቦንድ አጽድቀዋል፤ የ2022ቱ ብቻ 5.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። በመሃሉ በ2011 ሎስ አንጀለስ ታይምስ በግንባታው ላይ ስለደረሰ ብክነት ተከታታይ ምርመራ አትሞ ነበር። ከዚያም በኋላ መራጩ ፈቅዷል። መራጩ ይቅር ይላል፣ ግን ስለ አሮጌው ገንዘብ ቀጥተኛ መልስ ይፈልጋል። የእናንተ ኮሌጅ የቀድሞ ቦንድ ካለው ምን እንደተሠራበት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ።

ይህ ሁሉ ከተጠየቀ በኋላ የቦንዱ ጥያቄ በድጋሚ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ መልካሙን ወሬ ሰምተው ድጋፉ ይወጣል፣ ተቃውሞውን ሲሰሙ ይወርዳል። አማካሪው ከፍተኛውን ቁጥር አጉልቶ ሊያሳያችሁ ይችላል። እናንተ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን እዩ። የመጀመሪያው ስለ ቦንዱ ምንም ያልሰማው መራጭ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኛው መራጭ እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ክፉውን የሰማው መራጭ ነው። እኔ የመጀመሪያው ከ60 በላይ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከ55 በላይ ካልሆነ ለቦርድ «ሂዱበት» አልልም። «አላወቅኩም» ያለውን ሁሉ እንደ እምቢታ ቁጠሩት። ግብር ሲሆን ያመነታ ሰው መጨረሻ ላይ አይደፍርም። «አዎ» ካሉት ውስጥም «በእርግጠኝነት» ያሉትን «ምናልባት» ካሉት ለይታችሁ እዩ። 62 በመቶ አዎ ሆኖ እርግጠኛው 28 ብቻ ከሆነ፣ ያ ድጋፍ ትንሽ ነገር ሲነካው ይሟሟል።

የመቶኛው ወሰን ምን ያህል እንደሚወስን ማየት ከፈለግህ ፉትሂል ዲ አንዛን ውሰድ፤ ሳን ሆዜ አጠገብ ያለ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ዲስትሪክት ነው። ማርች 2020 ላይ ዲስትሪክቱ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ለመራጩ አቀረበ። አንዱ ሜዠር ጂ፣ 898 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ። ሁለተኛው ሜዠር ኤች፣ በእያንዳንዱ የንብረት ይዞታ ላይ በዓመት 48 ዶላር የሚጥል ግብር። ቦንዱ 55 በመቶ ነበር የሚፈልገው፣ አለፈ። የ48 ዶላሩ ግብር ሁለት ሦስተኛ ይፈልግ ነበር፣ አብላጫው ሰው ደግፎትም ወደቀ። መራጩ ያው፣ ቀኑም ያው።

የዚያች ማርች ነገር ሌላም ትምህርት አለው። በዚያው ቀን በስቴት ደረጃ 15 ቢሊዮን ዶላር የትምህርት ቤቶችና የኮሌጆች ቦንድ ቀርቦ ነበር። ከምርጫው በፊት የወጡ ጥናቶች ድጋፉን ግማሽ አካባቢ ነበር ያስቀመጡት። 47 በመቶ አግኝቶ ወደቀ። ከ1994 ወዲህ በስቴት ደረጃ የወደቀ የመጀመሪያው የትምህርት ቦንድ ነው። ቁጥሩ ፕሮፖዚሽን 13 መሆኑም አልረዳውም፤ ብዙ ሰው የ1978ቱን ሕግ ሊነኩብን ነው ብሎ ሰግቷል። ብዙ የአካባቢ ቦንዶችም በዚያው ቀን ወደቁ። የሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ 845 ሚሊዮን ግን አለፈ። ስለዚህ ጊዜው ከባድ ነበር ማለት ብቻ አይበቃም፤ የራሳችሁን አካባቢ መራጭ መለካት አለባችሁ።

ኖቬምበር ይሻላል የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ተከራይና ወጣት በብዛት ይወጣል። ግን ወረቀቱ ላይ ከእናንተ ጋር ማን አለ? የአካባቢው ትምህርት ቤት ዲስትሪክት ቦንድ ይዞ ይመጣል? የትራንስፖርት ግብር አለ? የሆስፒታል? ሰው አንዱን አዎ ካለ በኋላ ሁለተኛው ላይ እጁ ይከብዳል። ዛሬውኑ ደውላችሁ ጎረቤት ተቋማት ምን እንዳሰቡ ጠይቁ፤ ሌሎቹም በጥናቱ ውስጥ ይነሱ።

ስለ ገንዘቡ ምንጭም ጠንቀቅ በሉ። ኮሌጁ በሕዝብ ገንዘብ ጥናት ማሠራት ይችላል፣ እውነተኛና ሚዛናዊ መረጃም ማሠራጨት ይችላል። «አዎ ብላችሁ ምረጡ» ማለት ግን አይችልም። የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1976 ስታንሰን እና ሞት በተባለው ክርክር ይህን ለይቶ አስቀምጦታል። ቅስቀሳ የሚያደርገው ራሱን የቻለ ኮሚቴ ነው፣ ገንዘቡንም ከግል ለጋሾች ያሰባስባል። ከኮሌጁ ኢሜይል ላይ የቅስቀሳ መልእክት እንዳትልክ፤ የሥራ ባልደረቦችህንም ንገራቸው። መጠይቁንም ከመውጣቱ በፊት የኮሌጁ ጠበቃ ይየው። ውጤቱ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ስለሆነ ማንም ዜጋ አሳዩኝ ሊል እንደሚችል አስባችሁ፣ ሸሽጋችሁ የምታስቀምጡት ነገር አታድርጉት።

አሁን የሐበሻው ነገር። በቅንነት ልንገርህ፣ 600 ሰው ውስጥ ሐበሻ ቢገኝ ጥቂት ነው። ከዚያ ተነስቶ «ኢትዮጵያውያን ይህን ይላሉ» የሚል አጥኚ ቢመጣ አትመኑት። 100 ሰው ያለው ንዑስ ቡድን እንኳን ህዳጉ 10 ነጥብ ነው። በቁጥር ልንታይ የምንችለው በጥናቱ ሳይሆን በሌላ መንገድ ነው።

ጉዳዩ ግን የእኛም ነው። ሳን ሆዜ፣ ኦክላንድ፣ ሎስ አንጀለስ ያለው ወገናችን እንግሊዝኛ የተማረው፣ ነርስ የሆነው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረው ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ኮሌጆች በኩል ነው። ሳን ሆዜ ኤቨርግሪን በ2016 የ748 ሚሊዮን፣ የኦክላንዱ ፔራልታ በ2018 የ800 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሲያጸድቁ የእኛም ቤት ባለቤት ግብሩን እየከፈለ ነው፣ የእኛም ልጅ እየተማረበት ነው። የፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ የምርጫ ወረቀት እንዲተረጎም የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ ቋንቋዎችና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው፤ አማርኛ እዚያ ውስጥ የለም። የአካባቢ ቦንድ ደግሞ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገኘው። ዜግነት ያገኙ እናቶቻችንና አባቶቻችን ፕሬዚዳንቱን መርጠው፣ እዚያ ሲደርሱ ባዶ ትተውት ያልፋሉ።

ስለዚህ ኮሌጁ ሚዛናዊ የመረጃ ወረቀቱን በአማርኛም በትግርኛም እንዲያወጣ ጠይቅ። አንድ ገጽ ነው። ግብሩ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራበት፣ ማን እንደሚቆጣጠረው ይናገር። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ኮሚኒቲ ማኅበር፣ ዕድር ጋ ይድረስ። በእነዚህ ቦታዎች የምትሰማውን ጻፍና ለኮሚቴው አቅርበው፣ ግን በመቶኛ አታስቀምጠው። «ማታ የሚሠሩ እናቶች የሕፃናት ማቆያ ስለሌለ ትምህርቱን ያቋርጣሉ» የሚል አንድ በደንብ የተጻፈ አስተያየት ፕሮጀክት ዝርዝሩ ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ቦንዱ ካለፈ ደግሞ ተቆጣጣሪ ኮሚቴው ቢያንስ 7 ሰው ይፈልጋል፤ ከነጋዴ፣ ከጡረተኞች ማኅበር፣ ከግብር ከፋዮች ማኅበር፣ ከተማሪ፣ ከኮሌጁ ደጋፊዎች። ወገን እንዲያመለክት ከአሁኑ ንገር።

ጊዜውን ልጨምርልህ። ቦርዱ ውሳኔውን ከምርጫው ቢያንስ 88 ቀን በፊት ለካውንቲው ማስገባት አለበት፤ ለኖቬምበር ምርጫ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥናት ቢዘገይ በምርጫው ዓመት መግቢያ፣ ጃንዋሪ አካባቢ ይሠራ፤ አጭር ማረጋገጫ ደግሞ ሜይ ወይም ጁን ላይ፣ ያኔ 75ቱ ቃል የተጣራ ስለሚሆን። ሁለቱንም ለማሠራት ገንዘብ ካነሰ ሁለተኛው እንዳይቀር፣ የመጀመሪያውን ወደ 400 ሰው አውርዱት። የመጀመሪያው ውጤት 50 አካባቢ ከሆነ መጠኑን ቀንሱ ወይም ሁለት ዓመት ጠብቁ፤ ወድቆ መመለስ ከመጠበቅ የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል። እስከዚያ የፕሮጀክት ዝርዝሩን ከኮሌጁ መሐንዲሶች ጋር ዋጋው ድረስ ጨርሱ፤ አጥኚው ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።